ሁለት ጡሩምባ ያለው ሚኒባስ

አንባቢ ሆይ! በካዛንቺስ ወይም በቂርቆስ በኩል መንገድ ለመሻገር ቆመው ሳለ፥ ከጀርባዎ እንደ መርከብ የሚያጓራ ድምፅ በድንገት ተነሥቶ ልብዎን አስደንግጦት ያውቃልን? ዘወር ብለው ሲመለከቱስ፥ ባለ ተሳቢ ካሚዮን ይሆናል ያሉት ትንሽ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ሆኖ ሲያገኙት «ይህን ሁሉ ድምፅ ከየት አመጣው?» ሳይሉ አልቀሩም። የዛሬው ጽሑፌ ለዚሁ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው።

ነገሩን ያጠናሁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። እኔ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ጎረቤቴ ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ መሪ የጨበጡ የታክሲ ሾፌር ናቸው። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ እርሳቸው «መምህር» ይሉኛል። እኒህ ሰው በሚኒባሳቸው ላይ የንፋስ ጡሩምባ ለማስገጠም በተነሡ ጊዜ፥ ከገበያው ጀምሮ እስከ ጋራዡ አብሬአቸው ስለ ነበርሁ፥ ያየሁትን እነሆ ለአንባቢ አቀርባለሁ።

የሾፌሩ ምክንያት

ጋሼን ለዚህ ነገር ያነሣሣቸው ታይታ አልነበረም። አንድ ቀን በዑራኤል በኩል ሲመጡ፥ ጆሮውን በሙዚቃ ማዳመጫ የደፈነ አንድ ልጅ ስልኩን እያየ አስፋልቱ ውስጥ ገባ። ክላክሳቸውን ቢጫኑት፥ ያረጀው የፋብሪካ ክላክስ ጉንፋን እንደያዘው ፍየል ትንሽ ሲር ብሎ ቀረ። ደግነቱ ፍሬኑ ያዘላቸውና ልጁ ከመኪናው አፍንጫ አንድ ክንድ ሲቀረው ተረፈ። ያን ዕለት ማታ ቤቴ ድረስ መጥተው፥ «መምህር፥ ያ ልጅ ያንተ ተማሪ ሊሆን ይችል ነበር። ከእንግዲህ ወዲህ የማይሰማ ድምፅ ይዤ ከቤቴ አልወጣም» አሉኝ።

የሠፈሩ መለወጥም ሐሳባቸውን አጠንክሮታል። ካዛንቺስ የሚለው ስም በኢጣሊያ ወረራ ዘመን፥ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ያሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው የኢጣሊያ ድርጅት የመጣ ነው። «ካዜ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ይህን የሚያነቡት የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ፥ ሠፈሩ በስሙ የእርስዎ ወገን መሆኑን ልብ ይበሉ! ጋሼ ያደጉት በዚሁ ሠፈር ጠባብ መንገዶች ውስጥ ሲሆን፥ በዚያን ጊዜ ሾፌሩ እግረኛውን በስሙ እየጠራ «እረ ዞር በል» ይለው እንደ ነበረ ይናገራሉ። በ2017 ዓ.ም. ግን የቀድሞው ካዛንቺስ ብዙው ክፍል ለመልሶ ማልማትና ለኮሪደር ልማት ፈርሶ፥ ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛወሩ። መንገዱ ሲሰፋ መኪናው ፈጠነ፤ መኪናው ሲፈጥን ሾፌሩ የሚጮኽ ነገር ፈለገ።

ክላክስ የሚለው ቃል

እዚህ ላይ ስለ ስሙ ጥቂት ልናገር። ክላክስ የምንለውን ቃል የወሰድነው «ክላክሶን» ከሚሉት ኢጣሊያኖች ሲሆን፥ እነርሱም ያገኙት ከአሜሪካ ነው። ሚለር ሪስ ሀቺሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ፥ ኋላ በቶማስ ኤዲሰን ዘንድ ዋና መሐንዲስ እስከ መሆን የደረሰ ሰው፥ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞር ጥርሳም መንኰራኵር ስስ ብረት እየመታ እንዲያስጮኸው አደረገ። መሣሪያውም እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ «ክላክሰን» በሚል የንግድ ስም ይሸጥ ጀመር፤ ስሙ የወጣው «መጮኽ» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ግሥ ነው። የሚያስገርመው ግን ይኸው ሰው ከዚያ አስቀድሞ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመስሚያ መሣሪያ የፈለሰፈ መሆኑ ነው። ስለዚህ «ሀቺሰን ጡሩምባውን የሠራው ሰውን አደንቁሮ መስሚያውን ለመሸጥ ነው» እየተባለ ይቀለድበት ነበር ይባላል።

በአገራችንም ድምፅ ማሰማት ሥርዓት ነበረው። ነጋሪት ማስጎሰምና እምቢልታ ማስነፋት ማዕርጉ ለተሰጠው መኰንን እንጂ ለማንም የተፈቀደ አልነበረም። የዕድር ጡሩምባ በሌሊት ሲነፋም ሰው ሁሉ ከእንቅልፉ ነቅቶ ጆሮውን የሚያቀናው፥ ያ ጡሩምባ በከንቱ እንደማይነፋ ስለሚያውቅ ነው። በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ግን ነገሩ ቀስ በቀስ ተለዋወጠና፥ ዛሬ መኪና ያለው ሁሉ ያለ ሹመት እምቢልታ አስነፊ ሆኗል።

ድምፁ እንዴት ይፈጠራል?

ወደ ሶማሌ ተራ ወርደን ዕቃውን ገዛን። በካርቶኑ ውስጥ አንድ ረዥምና አንድ አጭር ቀይ ጡሩምባ፥ በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር፥ የላስቲክ ቱቦና ሪሌ የሚባል የክብሪት ሳጥን የማታህል ጥቁር ዕቃ ነበሩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮምፕሬሰሩ አየሩን ጨምቆ በቱቦው ይልከዋል። በጡሩምባው ጀርባ ባለው ክፍል ውስጥ አንድ ስስ ሽፋን የጡሩምባውን አፍ ዘግቶ ተቀምጧል። የአየሩ ግፊት ሲበረታ ሽፋኑን ገፍቶ ያልፋል፤ አየሩ እንዳለፈ ግፊቱ ይቀንስና ሽፋኑ ተመልሶ ይዘጋል፤ ወዲያው ደግሞ ግፊቱ ይነሣል። ይህ መክፈትና መዝጋት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በመቶ የሚቈጠር ጊዜ ሲደጋገም ድምፅ ይሆናል። ረዥሙ ጡሩምባ ወፍራም፥ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲነፉ ያ የመርከብ ጩኸት ይፈጠራል። በታላላቅ ካሚዮኖች ላይ ኮምፕሬሰር መጨመር አያስፈልግም፤ ለፍሬን የሚያገለግል የአየር ጋን አላቸውና። ይሁን እንጂ በእነርሱም ቢሆን አየሩን ግፊት በሚጠብቅ ቫልቭ በኩል እንጂ በቀጥታ ከፍሬኑ ጋን መቅዳት አይገባም፤ ለጩኸት ብሎ ፍሬንን ማድከም ከሁሉ የከፋ ሞኝነት ነው።

ካርቶኑ ላይ «150 ዴሲቤል» የሚል ተጽፎ ነበር። ጋሼ በዚህ ቍጥር እጅግ ተደሰቱ። እኔ ግን እንደ ልማዴ፥ «ጋሼ፥ ከስንት ሜትር ርቀት ላይ ተለክቶ? ርቀቱ ያልተነገረ ዴሲቤል፥ በየትኛው ገንዘብ እንደሆነ እንዳልተነገረ ዋጋ ነው» ብላቸው፥ «አንተ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ጠመኔህን እዚያው ተው» ብለው ሳቁብኝ።

የተቃጠለው ሽቦ

ችኰላ ያመጣውን ጣጣ ልንገርዎ። ጋሼ በዚያው ቀን ለማስገጠም ስለ ፈለጉ፥ በመንገድ ዳር ለሚሠራ አንድ ወጣት ሰጡት። ወጣቱ ሪሌዋን አገላብጦ አየና «ይቺ ለጌጥ ናት» ብሎ ወደ ካርቶኑ መለሳት። ቀጥሎም የቀድሞውን ክላክስ ሽቦ ነቅሎ በቀጥታ ከኮምፕሬሰሩ ጋር አሠረው። መጀመሪያ ሲነፋ ፊውዙ ተቃጠለ። እርሱም ጥቂት የመዳብ ክር ጠምጥሞ በፊውዙ ቦታ ሰካበትና «አሁን ይሠራል» አለ። በእውነትም ሠራ። ሁለት ቀን ሠራ።

በሦስተኛው ቀን በካዛንቺስ መንገድ፥ መኪናው ሞልቶ ሳለ፥ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸት ጀመር። ከዳሽቦርዱ ሥር ጢስ ወጣ። ጋሼ መኪናውን ዳር አስይዘው «ውረዱ! ውረዱ!» ሲሉ ረዳቱ በሩን ከፈተና፥ ሰው ሁሉ እየተገፋፋ ወረደ። አንዲት እናት ሕፃኗን በመስኮት ለሰው አቀበለች። ጋሼም የባትሪውን ሽቦ በፒንሳ ነቀሉት። በሰው ላይ አንዳች ጉዳት አልደረሰም፤ ግን ነገሩ አምስት ደቂቃ ዘግይቶ ቢሆን ምን ሊሆን ይችል እንደ ነበረ አንባቢ ይገምተው።

ምክንያቱ ተማሪዎቼ በየዓመቱ ከጥቁር ሰሌዳ የሚገለብጡት ሕግ ነው። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት በኤሌክትሪኩ ፍሰት ልክ ሳይሆን በፍሰቱ ስኩዌር ልክ ያድጋል። የቀድሞው ክላክስ 6 አምፔር ያህል ሲፈልግ፥ ኮምፕሬሰሩ 18 አምፔር ያህል ይፈልጋል። ፍሰቱ 3 ጊዜ ሲበዛ፥ በዚያው ቀጭን ሽቦ ውስጥ ያለው ሙቀት 9 ጊዜ ይበዛል ማለት ነው። ፊውዝ የሚባለው ነገር ደግሞ ሽቦው ሳይቃጠል እርሱ ቀድሞ እንዲቃጠል የተሠራ ዘበኛ ነው። በእርሱ ቦታ የመዳብ ክር መሰካት፥ ዘበኛውን አባርሮ በሩን ክፍት እንደ ማሳደር ይቈጠራል።

እንደ ደንቡ ሲሠራ

ከዚህ በኋላ በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ወዳለ ጋራዥ ሄድን። በዚያ ያገኘናቸው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፀጉራቸው የሸበተ፥ ንግግራቸው አጭር የሆነ አዛውንት ናቸው። የተቃጠለውን ሽቦ በጣታቸው አሻሽተው ካሸተቱ በኋላ፥ «ሪሌዋ የታለች?» የሚል አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ። ጋሼም አንገታቸውን ደፍተው ከኪሳቸው አወጡላቸው።

ሪሌ ማለት በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን ኤሌክትሪክ የሚከፍት በር ጠባቂ ነው። አራት እግሮች አሉት፤ በላያቸውም 30፥ 87፥ 85 እና 86 የሚሉ ቍጥሮች ተጽፈውባቸዋል። አዛውንቱ ሥራቸውን በዚህ ተራ አከናወኑ።

በመጀመሪያ ባትሪውን ፈቱ። ሁለተኛ 4 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አዲስ ሽቦ ከባትሪው ወደ ሪሌው ቍጥር 30 ዘረጉ፤ በዚህም ሽቦ ላይ፥ ከባትሪው አንድ ስንዝር ባልራቀ ቦታ፥ ለኮምፕሬሰሩ የሚገባውን ፊውዝ አገቡበት። ሦስተኛ ከቍጥር 87 ወደ ኮምፕሬሰሩ ተመሳሳይ ወፍራም ሽቦ አሳለፉ፤ የኮምፕሬሰሩን ሌላ ጫፍም ቀለሙ ተፍቆ ከጠራ የመኪናው ብረት ጋር በብሎን አሠሩት። አራተኛ ወደ ቀድሞው ክላክስ ይሄድ የነበረውን ቀጭን ሽቦ ከቍጥር 86 ጋር አገናኝተው፥ ቍጥር 85ን ከመኪናው ብረት አካል ጋር አሠሩ። እንዲህ ሲሆን በመሪው ቍልፍ በኩል የሚያልፈው ከሩብ አምፔር የማይበልጥ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው፤ ከባዱን ሸክም የሚሸከመው ወፍራሙ አዲስ ሽቦ ነው። የመኪናው ሁሉ አሠራር አንድ ዓይነት ስላልሆነም፥ የትኛው ሽቦ ኤሌክትሪክ እንደሚያመጣ አስቀድመው በመፈተሻ መብራት አረጋግጠው ነበር።

ሽቦው በብረት ጠርዝ በሚያልፍበት ሁሉ ላስቲክ አለበሱት፤ ከማርሚታው ሙቀት አራቁት። ጡሩምባዎቹንም አፋቸውን ጥቂት ወደ ታች ዘንበል አድርገው አቆሟቸው፤ የክረምት ዝናብ ገብቶ እንዳይተኛባቸው ነው። የአየር ቱቦውን ደግሞ አጭርና ያልታጠፈ አደረጉት። ሥራው ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። በመጨረሻ ጋሼ ቍልፉን ሲጫኑ በጋራዡ ጣራ ላይ የነበሩት ርግቦች በሙሉ ተነሥተው በረሩ። «አሁን ገና መኪና ሆነ!» አሉ ጋሼ።

በወሩ 15ኛ ቀን

እዚህ ላይ ጽሑፌን ብጨርስ ኖሮ ስለ ሽቦ አሥሬ ስለ ሰው ሳልናገር በቀረሁ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወሩ በገባ በ15፥ በቂርቆስ ዕለት፥ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ጋሼ በዚያ በኩል ያልፉ ነበር። እኔም ከጎናቸው ተቀምጫለሁ። መንገዱ በነጠላ ለባሽ ተሞልቷል። ሰዓት ረፍዶባቸው ነበርና፥ ጋሼ ሳያስቡት እጃቸውን ሰደዱ። ያ ድምፅ እንደ ወጣ፥ ከፊታችን ይሄዱ የነበሩ አንዲት ባልቴት ወደ ዳር መሸሽ ሲገባቸው፥ በዚያው ባሉበት አስፋልቱ ላይ ቁጢጥ ብለው ጆሮአቸውን ያዙ። ምርኵዛቸው ከእጃቸው ወደቀ።

ጋሼ ሮጠው ወርደው ደግፈው አነሡአቸው። «እናቴ፥ ይቅር ይበሉኝ» አሉ። ባልቴቷም ከተረጋጉ በኋላ፥ «ልጄ፥ የመጣህብኝ መስሎኝ ነው እንጂ ብትነግረኝማ እሄድልህ ነበር» አሏቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ቃል ከጋሼ ጆሮ አልወጣም።

እውነትም የባልቴቷ ነገር ሳይንስ ነው። ድንገተኛ ብርቱ ድምፅ የሰውን ጡንቻ ያኰማትራል እንጂ መንገድ አያሳየውም፤ የደነገጠ ሰው ወዴት እንደሚሸሽ አያውቅም። በሌላ በኩል በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ ያችን አንድ ሴኮንድ በጡሩምባው ላይ ካጠፋት፥ 11 ሜትር ከፍሬኑ ሰርቋል ማለት ነው። ያንን የዑራኤሉን ልጅ ያዳነው ምን እንደ ነበረ አንባቢ ያስታውሳል፤ ፍሬኑ ነው።

ለእኔም የግሌ ምክንያት አለኝ። የማስተምርበት ክፍል መስኮቱ ወደ ዋናው መንገድ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ቍጥር 28 ደንብ መሠረት፥ በመኪና ላይ የተገጠመ ጡሩምባ በ7 ሜትር ርቀት ላይ ሲለካ ከ112 ዴሲቤል መብለጥ የለበትም። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ስለሚቀንስ፥ በዚያው በደንቡ ጣራ የተነፋ ጡሩምባ በ14 ሜትር 106፥ በ28 ሜትር 100፥ በ56 ሜትር ላይ ገና 94 ዴሲቤል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ግን በክፍል ውስጥ ያለው የውጭ ድምፅ ከ35 ዴሲቤል እንዳይበልጥ እ.ኤ.አ. በ1999 መክሯል። እንግዲህ አንድ ጡሩምባ በተነፋ ቍጥር አርባ ወይም ሃምሳ ተማሪ የሚማረው ዓረፍተ ነገር ይቈረጣል። እኔም ንግግሬን አቋርጬ ጠመኔዬን ይዤ እጠብቃለሁ፤ የተቈረጠው ሐሳብ ግን ሁልጊዜ ተመልሶ አይቀጠልም።

ሕጉም ዝም አላለም። የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300/1995 የድምፅ ልክ እንዲወሰን ያዛል፤ ከዚያም ወዲህ በወጣው መመዘኛ ለመኖሪያ ሠፈር የተመደበው ልክ በቀን 55፥ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። በውጭ አገርም የኔፓል ዋና ከተማ ካትማንዱ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2017 ጀምሮ ያለ አስፈላጊ ምክንያት ክላክስ መንፋትን ከልክላለች።

ሁለተኛው ማብሪያ

በማግሥቱ ጋሼ ወደ እኒያ አዛውንት ጋራዥ ተመለሱ። «ጡሩምባው ይነቀልልኝ» ብለው ቢጠይቁ፥ አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁና፥ «ስለት ስለ ቈረጠህ ቢላዋ አይጣልም፤ ሰገባ ይበጅለታል እንጂ» አሉ። የፋብሪካውንም ክላክስ አድሰው ወደ ቦታው መለሱት። ከመሪው ቍልፍ የሚመጣውን ሽቦ ሁለት መንገድ ባለው ማብሪያ መካከል አስገብተው፥ አንዱን መንገድ ወደ ትንሹ ክላክስ፥ ሁለተኛውን ወደ ሪሌው ቍጥር 86 ላኩት። ማብሪያውንም ሆነ ብለው ከእጅ ራቅ ባለ ቦታ፥ ጎንበስ ካላሉ በማይደረስበት ሥፍራ አኖሩት። «ለመንፋት ጎንበስ እስክትል ድረስ፥ ማሰቢያ ጊዜ ታገኛለህ» አሏቸው።

ይህ ከሆነ ወራት አልፈዋል። ጋሼ በከተማ ውስጥ የሚነፉት ትንሹን ክላክስ ነው፤ እርሱንም በቈጠባ። ትልቁ ማብሪያ የሚነካው ለሠርግ ወይም ለንግሥ ተኰናትረው ከከተማ ሲወጡ ብቻ ነው። በቅርቡ ወደ ደብረ ብርሃን ሲሄዱ፥ ጉም በወረደበት ጠዋት፥ አንድ ካሚዮን መስመሩን ስቶ ወደ እርሳቸው ሲመጣ አዩ። ፍጥነታቸውን ቀንሰው፥ ዳር ይዘው፥ ያን ጊዜ ትልቁን ነፉት። ካሚዮኑም ወደ መስመሩ ተመለሰ። ማታ መጥተው ሲነግሩኝ፥ «መምህር፥ አንድ ጊዜ ነፋሁ፤ አንድ ጊዜ ሰማኝ» አሉ።

አንባቢ ሆይ! የዕድር ጡሩምባ የሚሰማው ስለሚጮኽ ብቻ አይደለም፤ በከንቱ ስለማይጮኽ ነው። እርስዎ ዛሬ በእግርዎ የሚሄዱ ተማሪ ወይም በታክሲ የሚመላለሱ የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆኑ፥ ነገ ደግሞ መሪ ይጨብጡ ይሆናል። ያን ጊዜ ሽቦውን በወፍራሙ፥ ፊውዙን በልኩ ያስገጥሙ፤ ሪሌዋንም «ለጌጥ ናት» ከሚል ሰው ይጠብቋት። ከሁሉ በላይ ግን ያችን ሁለተኛ ማብሪያ አይርሱ፤ ከእጅዎም ራቅ ባለ ቦታ ያኑሯት።